የተደገመው ዘፈን

ፌሊሲሲሞ አባርኬስ ትሮምቦን እንዲነፋ የተደረገው ወንድ እንዲሆን ተብሎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው አባቱ እጁን ይዞ ወደ ማንግ ቴሮይ ወሰደው። ማንግ ቴሮይ («ማንግ» እኛ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው) የሳን ባርቶሎሜ ከተማ ማርሽ ባንድ መሪ፣ የልጁም የክርስትና አባት ናቸው። አባትየው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ነገር ማስረዘም አያውቅም።

«ወንድ አድርግልኝ» አለ።

ማንግ ቴሮይ ልጁን ዞር ዞር አድርገው አዩት። ሲሞ፣ ሁላችንም የምንጠራው እንዲያ ነው፣ ሲያወራ እጆቹ አየር ላይ ይበራሉ።

«ችግሩ እጁ ላይ ነው» አሉ። «ሁለቱንም እጁን የሚያስይዝ መሣሪያ ብሰጠው ማወዛወዙን ይተዋል።»

ትሮምቦን ሰጡት።

የከተማችን ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቁን መያዝ አይችልም። ከባንዱ መሣሪያ ሁሉ ክንድ የሚያስወነጭፈው ትሮምቦን ብቻ ነው። ሌላው ነፊ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ትሮምቦን ነፊው ግን ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ይዘረጋል፣ ይሰበስባል፣ መልሶ ይዘረጋል። ወር ሳይሞላው ሲሞ ክንዱን በዘረጋ ቁጥር ትንሿ ጣቱ ለብቻዋ ቀና ማለት ጀመረች። ዓመት ሳይሞላው ወገቡም ተከተላት። ማንግ ቴሮይ «ከበሮ ብሰጠው ኖሮ» እያሉ ኖሩ።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ከሲሞ ጋር ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖሬያለሁ። ባለፈው ጥር ሞተ። ስለ እሱ የሚወራው ብዙ ነው፤ ግማሹ ውሸት ነው፣ ውሸቱንም ያስወራው ራሱ ነው። እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ሲሞ ባክላ ነበር። ወንድ ሆኖ ወንድ ለሚወድ፣ አካሄዱም ለለየለት ሰው እኛ አገር የምንለው እንዲያ ነው። እንደ ተናጋሪው አፍ ስድብም ይሆናል፣ ስምም ይሆናል። እሱ ስም አድርጎ ወሰደው። ጠዋት ጠዋት ገበያ ላይ ቲላፒያ ይሸጥ ነበር። ደንበኛ የሚመጣው ለዓሣው ብቻ አልነበረም።

«ትኩስ ነው ይኼ?» ትላለች አንዷ ዓሣውን በጣቷ እየወጋች።

«እሜቴ፣ ከባልሽ ይሻላል። ይኼ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል።»

«አፍሽን ይቁረጠውና አንቺ ሲሞና! ሁለት ኪሎ መዝኚልኝ።»

ሲሞና የቅዳሜ ስሙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በየመንደሩ የዳንስ ድግስ ላይ ከአንድ ትንሽ ኦርኬስትራ ጋር ይዘፍን ነበር። በዚያን ዘመን ወንድ ዘፋኝ ሁሉ ከአንድ ሊጥ የተድበለበለ ነበር። ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ይከፍታል፣ በአንድ እጁ ቢራ በአንድ እጁ ማይክሮፎን ይይዛል፣ የተወችውን ሴት እያነሳ ያለቅሳል፤ አልቅሶ ሲጨርስ ራሱን ወይም እሷን እገድላለሁ ብሎ ይዝታል። ወንድነት ይኼ ነበር። ባክላ ዘፋኝ ከመጣ ደግሞ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ የሴት ቀሚስ፣ የሴት ዘፈን፣ ቀጭን ድምፅ፣ ትንሽ ሳቅ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

ሲሞ ሁለቱንም አበላሸባቸው። ሸሚዙን እንደ ወንዶቹ እስከ እምብርቱ ከፈተ። ሽፋሽፍት ለጠፈ፣ ከንፈሩን ቀባ። አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ ግን ዳገት የሚወጣ የአሸዋ መኪና ነው። ቅንድቡ የእመቤት፣ ድምፁ የሾፌር። በዚያ ድምፅ የወንዶቹን የለቅሶ ዘፈን እየዘፈነ ወደ ጠረጴዛዎቹ ይወርድና አንዱን ባለትዳር መርጦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሰውየው ላብ በላብ ይሆናል። አንድ ጊዜ የአንዱ ሚስት ከወንበሯ ተነስታ፣

«ሲሞና፣ ውሰጂው! እሑድ እሑድ ብቻ መልሺልኝ፣ ጣራው ያፈሳል!» ስትል ድግሱ በሳቅ ተበተነ።

እኔ ግን አንድ ቀን ለምን ቀሚስ እንደማይለብስ ጠየቅሁት።

«ሴት መሆን አልፈልግም እኮ፣ ናርዲንግ» አለኝ። «ወንድ ስትሆኑ አያችኋለሁ፤ የምትሠሩት ነገር ያን ያህል አያስቸግርም። ትንሽ ቀለም ብቻ ይጎድለዋል።»

ከባንዱ ጋር ግን ሌላ ሰው ነበር። ማንግ ቴሮይ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳለ አስምለውታል። ነጩን ዩኒፎርም የለበሰ ቀን ቅንድብ የለም፣ ሽፋሽፍት የለም፣ የከንፈር ቀለም ደግሞ ከሁሉ በፊት የለም። የከንፈር ቀለም የኃጢአት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቀለም የተቀባ ከንፈር የትሮምቦኑ አፍ ላይ ያንሸራትታል፣ ድምፁም ይበላሻል። «ዩኒፎርሙ ውስጥ ወንድ ነህ። ካወለቅኸው በኋላ እግዜር ይወቅህ» አሉት። ሲሞ ቃሉን አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቀ። ለሠርግ፣ ለቀብር፣ ለቅዱሱ በዓል ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ ይወጣል። ያን ቀን ሳየው የሌላ ሰው ወንድም ይመስለኝ ነበር።

እኔም የራሴ ውል ነበረኝ። ሲሞ ፎቄ ላይ የሚኖረው በተከራይነት ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲያ ነበር የምለው። ፎቁ ላይ ያለው አንድ ክፍል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አልጋ ነው፤ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ሁሉ በተከፈተው መስኮት ያየዋል። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አልል። ሰው ፊት መጠራት አልወድም።

ታዲያ አንድ የካቲት ላይ ሲሞ በዓሣ መጠቅለያ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ዘፈን ጻፈ። የመጀመሪያው የራሱ ዘፈን ነው። መጋገሪያው በር ላይ ቆሞ ዘፈነልኝ፤ እኔ ሊጥ እያሸሁ ነበር።

ከተማው ሲያንኮራፋ ጋጋሪው ይነሳል፣
ሊጡን ሲያሽ ቆይቶ ስሜን ይረሳል፤
ሲነጋ ይመጣል ክንዱ ዱቄት ለብሶ፣
ይተኛል ከጎኔ ትራሴን ወርሶ።

«ትራስህን አልወስድም» አልኩት።

«ሌላ የምትለው የለህም?»

«ዜማው ጥሩ ነው።»

«ስምህን ላስገባው? ናርዲንግ ለመዝፈን ይመቻል።»

«እንዳታደርገው። ስሜን በሰው ፊት አትጥራ፣ ሲሞ። ማልልኝ።»

ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ማለ። ዘፈኑን ከኦርኬስትራው ጋር በካሴት ቀዳው። ካሴቱን አንድ የባጃጅ ሾፌር ወሰደው፣ ከእሱ ሌሎቹ ወሰዱት፣ በሰኔ የአውራጃው ሬዲዮ ጠዋትና ማታ ያሰማው ጀመር። ወንድ ለወንድ የዘፈነው ዘፈን ነው፣ በወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ቀልድ የሌለበት። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳያውቀው ያንጎራጉረው ጀመር። ደረታቸው የተነቀሰ የጭነት ሠራተኞች ሲሚንቶ ሲያወርዱ «ይተኛል ከጎኔ» ይላሉ። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሲያየኝ ያፏጫል። እኔ ፓን ዴ ሳሉን፣ የጠዋቱን ትንንሽ ዳቦ፣ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ ያልሰማሁ እመስላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሲሞ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘፈኑን ከገዛ ባንዱ ጋር፣ በገዛ ከተማው፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል መጫወት።

በበዓሉ ቀን ከሰልፉ በኋላ ሴሬናታ አለ። የእኛ ባንድና የማታላብ ከተማ ባንድ በቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ተራ በተራ ይጫወታሉ። የተጫወቱት ኖታ ተገልብጦ ከወንበር ሥር ይገባል። አንዱ የተጫወተውን ሌላው መልሶ መጫወት አይችልም፤ የደገመ ወይም ያለቀበት ተሸናፊ ነው። ያሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት ሰልፍ ላይ ከቅዱሱ ሐውልት ቀጥሎ ይሄዳል። የተሸነፈው ከሁሉ በኋላ፣ ለቡራኬ ከሚመጡት የውሃ ጎሾች ኋላ ይሰለፋል። ከጎሽ ኋላ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ጫማ ያለው ሁሉ ያውቃል። እኛ ለዘጠኝ ዓመት ከፊት ነበርን።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለልምምድ ለተሰበሰበው ባንድ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ማንግ ቴሮይ ኖታዎቹን እየለዩ ነበር። ማታላቦች ብዙ አዲስ ነገር እንዳዘጋጁ ተሰምቷል።

«ኒኖንግ» አለ ሲሞ። የክርስትና አባቱን የሚጠራቸው እንዲያ ነው። «የኔ ዘፈን አለ። ኖታውን ለሁሉም መሣሪያ ጽፌዋለሁ።»

«አይሆንም።»

«ሬዲዮ ላይ እንኳ—»

«ሬዲዮ የሚያወራውን ሁሉ ልነፋ? በቅዱስ በርተሎሜዎስ ፊት ወንድ ለወንድ አይዘፈንም!»

«ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቆዳውን ተገፎ፣ ቆዳውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የቆመ ሰው ነው፣ ኒኖንግ። ከኔ ዘፈን ምን ይደነግጣል?»

ክላርኔቶቹ ሳቁ። ማንግ ቴሮይ በዱላቸው የኖታ ማስቀመጫውን መቱት።

«ስማ። ቅዳሜ ሄደህ የፈለግኸውን ሁን። ስንት ዓመት አንድ ቃል ተናግሬህ አውቃለሁ? ይኼ ግን የአባቴ ባንድ ነው። የባክላ ባንድ ብለው እንዲሰይሙት አልፈልግም።»

«አሁንስ ምን የሚሉን ይመስልዎታል? ፊት የምሰለፈው እኔ ነኝ።»

«ዝም ብለህ እስከተሰለፍክ ድረስ የሚሉት ነገር የለም!»

ሲሞ ኖታውን መልሶ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ወደ ቤት ስንሄድ ቀድሞኝ ተራመደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣

«አንተም እንደሳቸው ነህ፣ ታውቃለህ?» አለኝ።

ሥራ እንዳለብኝ ነግሬው ወደ ምድጃው ሄድኩ።

የበዓሉ ቀን ዝናብ ነበር፤ ነሐሴ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። ሴሬናታው ከምሳ በኋላ ተጀመረ። ዳኛዋ መምህርት ፕሩደንሲያ ነበሩ። አደባባዩ ላይ ከቆመው ሰው ግማሹን ያስተማሩ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠው የተጫወቱትን ዜማ ሁሉ በጭንቅላታቸው ይይዛሉ። ተሳስተው አያውቁም። ሲሞ ፊቱን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን አስተኝቶ፣ በነጭ ዩኒፎርም ከፊት ተቀምጧል። እኔ ለባንዱ የሚሆን ዳቦ ይዤ ከአንድ ሱቅ ጣራ ሥር ቆሜያለሁ።

ማርሾች አለቁ፣ ዋልሶች አለቁ፣ የፊልም ዘፈኖች መጡ። ሁለቱም ባንዶች አርባኛው ዜማ ላይ ሲደርሱ የማታላብ ዘፋኝ ተነሳ። ሸሚዙ እስከ እምብርቱ ተከፍቷል። ማይክሮፎኑን ይዞ ጀመረ፤

ከተማው ሲያንኮራፋ ጋጋሪዋ ትነሳለች—

አደባባዩ ሁሉ ወደ ሲሞ ዞረ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ጋጋሪዋ ያለቅሳል፤ ዱቄት የለበሰው ክንድ የሴት ክንድ ሆኗል፣ ትራሱ ቀርቶ በቦታው ጡት ገብቷል። መጨረሻው ላይ ጥላኝ ከሄደች ራሴን ሐይቅ ውስጥ እጥላለሁ ብሎ ጨመረበት።

ሲሞ እንደተቀመጠ ነው። ትሮምቦኑን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ያብሰዋል፤ የታበሰውን መልሶ ያብሳል።

«ኒኖንግ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘፈኔን ለሴት ዳሩብኝ።»

ማንግ ቴሮይ ወደሚቀጥለው ኖታ ገለጡ።

አመሻሹ ላይ ማታላቦች ሃምሳ ዘጠነኛውን ተጫውተው ጨረሱ። የእኛ ተራ ነው። ማንግ ቴሮይ ማኅደሩን ገለጡት፣ ባዶ ነው። ጎንበስ ብለው ከወንበር ሥር የተገለበጡትን አዩ፣ እዚያም ያልተጫወትነው የለም። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ወዲያ ማዶ የማታላቡ መሪ ማንግ ኢስኮ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሲሞ ተነሳ። ማንንም አላስፈቀደም። ክንዱን ዘርግቶ የዘፈኑን መግቢያ ነፋ፣ አራት ድምፅ ብቻ።

«ተደገመ!» ብለው ዘለሉ ማንግ ኢስኮ። «እኛ ተጫውተነዋል! አለቀ! ጎሾቹን አምጡላቸው!»

«ምኑ ነው የተደገመው?» አለ ሲሞ። «እናንተ የተጫወታችሁት ስለ አንዲት ጋጋሪ ሴትዮ ነው። እኔ አላውቃትም። ካገኛችኋት ሰላም በሉልኝ።»

«ዜማው አንድ ነው!»

«ዜማው አንድ ከሆነ ጋጋሪውም አንድ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ሲያለቅስ የነበረው ለኔ ሰውዬ ነው ማለት ነው። እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድሜ፤ ግን ተይዟል።»

የማታላብ ዘፋኝ የሸሚዙን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ። ሰው በሳቅ አለቀ። መምህርት ፕሩደንሲያ ጃንጥላቸውን አጥፈው መሬቱን መቱበት፤ ጸጥ አለ።

«ፌሊሲሲሞ። የተለየ ዘፈን ነው ነው የምትለው?»

«አዎ፣ መምህርት።»

«እነሱ ለሴት ዘፈኑ። ያንተ ለማን ነው? ተናገርና ልዩነቱን ልስማ።»

  ገበያውን ሙሉ ሲሳደብ የሚውለው ሲሞ ወደ እኔ እንዳያይ ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት አንጋጠጠ፤ ሰዓቱ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል።

«አልናገርም» አለ። «ቃል ገብቻለሁ።»

«እንግዲያው ማስረጃ የለህም።»

«የለኝም፣ መምህርት።»

እጄን አነሳሁ። ለምን እጄን እንዳነሳሁ አላውቅም፤ አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህርት ፕሩደንሲያ ሳያስፈቅድ የተናገረን ያስወጡ ነበር።

«አቤት፣ ናርዲንግ።»

«ለኔ ነው።»

«ጮክ በል። ዝናብ ነው።»

«ዘፈኑ ለኔ ነው፣ መምህርት። ትራሱንም የምወስደው እኔ ነኝ።»

 ከዓሣ ተራ ሴቶች መካከል አንዷ እንደ እሳት አደጋ መኪና ጮኸች። ከኋላ አንዱ፣

«ናርዲንግ! ይኼንንማ ውሾቹም ያውቃሉ!» አለ።

አንድ ሰውዬ ግን ልጁን አቅፎ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ሁለት ቤተሰቦች ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ፤ አንዱ በገና ተመለሰ፣ አንዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያን ጊዜ ግን እኔ የማየው ሲሞን ብቻ ነበር። ሰዓቱን ማየት ትቶ እኔን ያያል። በሕይወቱ እንደዚያ ሞኝ መስሎ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መምህርት ፕሩደንሲያ ተነሱ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ዘፋኙ የተለየ ነው። የተዘፈነለትም የተለየ ነው። ዜማው ግን አንድ ነው፤ ዜማ ለማን እንደሚዘፈን አያውቅም። ተደግሟል። ማታላብ አሸንፏል።»

ማታላቦች ባርኔጣቸውን ወረወሩ። የእኛዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ዘጠኝ ዓመት ያለቀው በአራት ድምፅ ነው። ሁላችንም ማንግ ቴሮይን አየን፤ ሲሞን በዱላው ይመቱታል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ዝም በሉ፣ አልጨረስኩም» አሉ መምህርት። «ዳኝነቴ አልቋል። አሁን እንደ ሰው ልናገር። የማታላቡ ልጅ ሲያለቅስ ስንኙ በደንብ አልተሰማኝም። ፌሊሲሲሞ፣ ከተሸነፋችሁ አይቀር ዝፈነው።»

ሲሞ ወደ ክርስትና አባቱ ዞረ።

«ኒኖንግ?»

ማንግ ቴሮይ ባዶውን ማኅደር ዘጉት። ከዚያ፣ «ከጎሽ ኋላ የሚሄድ ሰው ምን ክብር አለው?» አሉ። «ዝፈነው!»

«እንግዲያው አንድ ደቂቃ።»

በሰልፍ ላይ ከባንዱ ፊት ዱላ እያሽከረከረች የምትሄደው ልጃገረድ የመኳኳያ ቦርሳዋን ወርውራ ሰጠችው። ሲሞ በነጩ ዩኒፎርም፣ በአደባባዩ መካከል ቆሞ፣ ከንፈሩን ቀባ። አልቸኮለም። ከላይ ጀመረ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ከንፈሮቹን አጣበቀ፣ ከትሮምቦኑ ናስ ላይ ራሱን አይቶ ጥጉን አስተካከለ። በዚያ ዩኒፎርም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የማውቀው ሰው ሆነ። ትሮምቦኑን አንስቶ ሲነፋ ግን የታፈነ በግ ድምፅ ወጣ። ከንፈሩ ያንሸራትታል።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የነገርኩህ ይኼንን አይደለም እንዴ!» ብለው ጮኹ ማንግ ቴሮይ። «አምጣው ወዲህ! አምጣው! አንተ ዝፈን!»

ትሮምቦኑን ነጠቁት። የትሮምቦኑን አፍ በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ቀዩ ቀለም ነጩ እጅጌ ላይ ቀረ። ኖታ አልነበረም፣ ኖታም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ክላርኔቶቹ ያውቁታል፣ ከበሮው ያውቀዋል፤ ማንግ ቴሮይ ደግሞ መካከሉ ላይ ያለውን ጠማማ ቦታ ሳይቀር እንደ ገዛ ስማቸው ያውቁታል። ክንዳቸውን ሲዘረጉ ትንሿ ጣታቸው ለብቻዋ ቀና አለች። ሲሞ ከማን እንደተማራት ያን ጊዜ ገባን።

እና ሲሞ በዚያ የአሸዋ መኪና ድምፁ ዘፈነ፤ ስሜን አልጨመረበትም። ሰው ግን ስንኙ ሲያልቅ በየተራው «ናርዲንግ!» እያለ ይቀበለው ነበር። እኔ ዳቦውን ለማን እንደሰጠሁት አላስታውስም፤ ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ከአሥራ አንድ ጎሾች ኋላ ተሰለፍን። ከሰልፉ በፊት ማንግ ቴሮይ ሲሞን ጠርተው አዲስ ውል አደረጉለት።

«ቅንድብ ይሁን። ሽፋሽፍትም ይሁን። የከንፈር ቀለም ግን አይሆንም። ይኼ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፣ የድምፅ ጉዳይ ነው።»

«ይሁን፣ ኒኖንግ።»

«ዘፈንህን ከሁለተኛው ማርሽ ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ። ጎሾቹ ከደነገጡ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ።»

«ጎሾቹ ከማታላቡ ልጅ የተሻለ ጆሮ አላቸው።»

ዝናቡ ያን ቀንም አልቀረም። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ሰልፉን የማየው ከመጋገሪያው በር ሆኜ ነበር፤ ባንዱ ሲያልፍ አንገቴን ነቅንቄ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ያን ዓመት ምድጃውን አጥፍቼ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ ትልቁን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ሲሞ ረድፉ ዳር ላይ ነው፣ ነጭ ዩኒፎርም፣ ጥቁር ሽፋሽፍት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እበት። ከጎኑ ገብቼ ጃንጥላውን ከራሱ በላይ ዘረጋሁት። አፉ ሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው ማርሽ አልቆ ዘፈኑ ሊጀመር ሲል ብቻ ትሮምቦኑን ከአፉ አነሳና፣

«ናርዲንግ፣ ቀጥ አድርገህ ያዘው እንጂ። ግራ ሽፋሽፍቴ እየተነሳ ነው» አለኝ።

ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።